ቅጹ ቆሎ ተጠቅልሎበት መጣ

(በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ኮሙናል አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂው ሲገለበጥ መደጋገሙም ጨዋታውም እንዳለ ቀርቧል።)

እንደምን ዋላችሁ! እስቲ ከኋላ ያላችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ። ይህ ኮሙናል ለቅሶ የምንቀመጥበት ስለሆነ ነው መሰል ሁላችሁም ጥግ ጥጉን ይዛችኋል። ዛሬ የሞተ የለም።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ከየመሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብት ክፍል የመጣችሁ ባልደረቦቼ፣ ተማሪ ልጆቼ፣ በተለይ ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ሰዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ማይኩ ይሰማል? ይሰማል። መብራቱ ቢሄድም ግድ የለም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራተኛ ስብሰባ ላይ ስጮህ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ዛሬ የማወራው ስለ ወረቀት ነው። ስለ ሥራ ትንተናና ስለ ሠራተኛ ጥናት ወረቀት። ይህን ወረቀት እንሰብስበው፣ ስካን እናድርገው፣ ማንም ሰው በስልኩ ከፍቶ የሚያነበው የኢንተርኔት ቤተ መዛግብት እናድርገው ነው የምለው። ሦስት ነጥብ አለኝ፤ ወረቀቱ ምንድን ነው፣ እንዴት ይሰበሰባል፣ ምኑስ አይወጣም። ሦስቱን እኩል አላወራም። መሃለኛው ላይ እቆያለሁ፤ ራስ ምታቱ ያለው እዚያ ነው።

ግን መጀመሪያ የቆሎዬን ነገር ልንገራችሁ።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ቃሊቲ መናኸሪያ በር ላይ የአሥር ብር ቆሎ ገዛሁ። ልጅቷ ወረቀቱን እንደ ጡሩምባ ጠቅልላ ሞልታ ሰጠችኝ። ታክሲ ውስጥ ቆሎውን ጨርሼ ወረቀቱን ልጨማድድ ስል በታይፕ የተመታ ነገር አየሁ። ዘረጋሁት። «የሥራው መጠሪያ» ይላል፤ ፊት ለፊቱ በእጅ «መዝገብ ቤት» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ «በየዕለቱ የሚያከናውኗቸውን ተግባራት ይዘርዝሩ» ይላል። ሰውየው፣ ወይም ሴትየዋ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ እንዲህ ሞልተውታል፦ «ጠዋት ገቢ ደብዳቤ እቀበላለሁ። ቁጥር እሰጣለሁ። የጠፋ ፋይል እፈልጋለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው አለቆች ቤታቸው ወስደውት ነው።»

እንዲህ ብሎ ጽፏል! ለመሥሪያ ቤቱ በተሰጠ ቅጽ ላይ! ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። ምክንያቱም ቅጹን አውቀዋለሁ፤ የሥራ ጥናት መጠይቅ ነው። እኔ ራሴ ስንቱን አስሞልቻለሁ።

ወረድኩና ተመለስኩ። ልጅቷ «በኪሎ ነው የገዛሁት፣ ለምን ፈለጉት?» አለችኝ። የቀራትን ሁሉ ገዛኋት፤ አርባ ሦስት ቅጠል። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም። ለምን መሰላችሁ? እኔም በሥራ ዘመኔ ስንትና ስንት ካርቶን «ይወገድ» ብዬ ፈርሜያለሁ። ማን ማንን ይወቅሳል?

እንግዲህ አንደኛው ነጥብ። ወረቀቱ ምንድን ነው?

የሥራ ትንተና ማለት አንድ ሰው ሥራው ላይ በእርግጥ ምን እንደሚያደርግ ጠይቆ፣ አይቶ፣ ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ተፈላጊ ችሎታው፣ የቅጥር ፈተናው፣ ደረጃው፣ ደመወዙ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚያ ነው። ነገሩ የቆየ ነው። ሁጎ ሙንስተርበርግ የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ አሜሪካ ሆኖ የከተማ ባቡር ነጂዎችን ሥራ አጥንቶ፣ ማን አደጋ ሳያደርስ ሊነዳ እንደሚችል የሚለይ ፈተና ሠርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1913 በወጣ መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል። መቶ ዓመት አልፎታል፣ ግን ዛሬ ማታ ከፍታችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ። እኛስ? እዚህ ቃሊቲ ድረስ በሚመጣው ባቡር እንሳፈራለን። ነጂዎቹ እንዴት እንደተመረጡ የሚያሳይ ጥናት አንብቦ የሚያውቅ እዚህ አለ? እጁን ያውጣ። የለም። እኔም አላነበብኩም።

ሌላ ልጨምር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 እና በ1918፣ የአሜሪካ ጦር 1.7 ሚሊዮን ያህል ምልምሎችን የአእምሮ ችሎታ ፈተና ፈተነ። አልፋ የሚባለው ፈተና ማንበብ ለሚችሉ፣ ቤታ የሚባለው በሥዕል የተሠራው ደግሞ እንግሊዝኛ ማንበብ ለማይችሉ። ያ ፈተና ብዙ ጉድ ነበረበት፤ ባህል አለማወቅን እንደ አእምሮ ማነስ ቆጥሯል። ጉዱን ግን በምን አወቅን? ወረቀቱ ስለተቀመጠ! ጥያቄዎቹ ከነሥዕላቸው ስላሉ የኋላ ሰው አንብቦ «ይህማ ስህተት ነው» ሊል ቻለ። ወረቀቱ ቆሎ ቢጠቀለልበት ኖሮ ስህተቱ እንደ እውነት ይቀጥል ነበር።

ስታቲስቲክስ የምትማሩ ልጆች አላችሁ? እሺ። ተመሳሳይ ነገሮችን በቡድን በቡድን ስትከፍሉ የዋርድ ዘዴ የምትሉት አለ አይደል? ኮምፒውተሩ ላይ አንዴ ጠቅ ነው። ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ጆ ዋርድ ቴክሳስ ውስጥ ላክላንድ በተባለ የአየር ኃይል ሰፈር የሠራተኛ ምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ዘዴውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። የሠራተኛ አስተዳደር ቤት ልጅ ነው እላችኋለሁ! እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ ሬይመንድ ክሪስታል የሚባል ሰው ከባልደረቦቹ ጋር ኮዳፕ የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠራ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ለአንድ ሙያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተግባራት ይዘረዘራሉ፣ ዝርዝሩ ለራሱ ለሠራተኛው ይሰጠዋል። ሠራተኛው የሚሠራውን ምልክት ያደርጋል፣ ከሌሎቹ ሥራዎቹ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድበት በነጥብ ይሞላል። ከዚያ ፕሮግራሙ የሚመሳሰሉትን ሥራዎች ይሰበስባል። ልብ በሉ፤ አለቃው አልተጠየቀም። ሠራተኛው ነው የተጠየቀው። እነዚህ ወረቀቶች የወታደር ላቦራቶሪ ዘገባና የጉባኤ ጥራዝ ሆነው የትም ተበትነው ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ ተሰብስበው፣ ስካን ተደርገው በነጻ ይነበባሉ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ የምንሰበስበው የለንም? ማዕከላዊው የሠራተኞች አስተዳደር በ1950ዎቹ ከተቋቋመ ጀምሮ፣ በ1960ዎቹ የሥራ ምደባና የደመወዝ ስኬል ሲወጣ፣ በደርግ ጊዜ፣ የሥራ ሂደት ለውጡ ቢፒአር ሲመጣ፣ አሁን በቅርቡ የሥራ ምዘናና ደረጃ አሰጣጡ ጄኢጂ ሲመጣ፣ በየጊዜው የሥራ ጥናት ተጠንቷል። በየጊዜው! በእያንዳንዱ ዙር ሠራተኛው ቁጭ ብሎ ቅጽ ሞልቷል። ዙሩ ሲያልቅ ደረጃው ይወጣል፣ ጠረጴዛ ላይ ግራ ቀኙ ይጨቃጨቃል፣ ቅሬታ ይሰማል፣ ቅጹ ካርቶን ውስጥ ይገባል። በሚቀጥለው ዙር ከዜሮ እንጀምራለን። «ከዚህ በፊት ተጠንቶ ነበር ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ቢጠይቅም የሚመልስለት የለም።

ስለዚህ አጥብቄ የምለው ይህን ነው። ስንሰበስብ ያማረ ሽፋን ያለውን የመጨረሻ ሪፖርት ብቻ አንሰብስብ። ቅጹን እንሰብስብ። በእጅ የተሞላውን። ሪፖርቱ «የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ደረጃው ይህ ነው» ይላል። «አለቆች ቤታቸው ወስደውት ነው» የሚለው ሪፖርቱ ውስጥ አይገባም። ቅጹ ላይ ብቻ ነው ያለው።

አንድ ጊዜ አቃቂ አካባቢ አንድ ፋብሪካ ለሥራ ምዘና ተልኬ ሄድኩ። በሩ ላይ አንድ ጎልማሳ ጥበቃ አለ። ክላሰሬን ከፍቼ «ግቢውን ይጠብቃል» ብዬ ጻፍኩ። አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየና «እትዬ፣ እሱን ብቻ ከጻፉማ እኔን አላገኙኝም» አለኝ። «ሌላ ምን ትሠራለህ?» አልኩት። የመኪና ታርጋ ይመዘግባል። ማታ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳው እሱ ነው። ውሃ ሲመጣ ሞተር ከፍቶ ታንከሩን ይሞላል፤ ውሃው የሚመጣው ደግሞ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሥራ ፍለጋ ከገጠር ለሚመጡት በኦሮምኛ ያስረዳል፣ ማመልከቻቸውን ይጽፍላቸዋል። ሁሉንም ጻፍኩ። ቢሮ ስመለስ የምዘናው ሰንጠረዥ ላይ ለጄኔሬተሩ ረድፍ የለም፣ ለኦሮምኛው ረድፍ የለም። ሳልወድ «ግቢውን ይጠብቃል» ላይ ነጥብ ሞላሁ። ያ የጻፍኩት ገጽ የት እንዳለ አላውቅም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ገጹ ቢኖር ሰንጠረዡ ምን እንዳጎደለ አንድ ሰው ያይ ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ። እንዴት ይሰበሰባል?

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስካነር አለ ወይ?» ብሎ ነው። ስካነሩ ትንሹ ነገር ነው። ወረቀቱ በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ስካን ይደረጋል፤ የካርቦን ቅጂ ከሆነና ከደበዘዘ 400 ይሁን። አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ፣ በቀለም፣ ሳይታመቅ 26 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ዋናውን ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፣ ለአንባቢ ቀለል ያለውን ፒዲኤፍ ስቀሉ፤ የሰው ካርድ አትጨርሱ። ለዘለቄታ ማስቀመጫ ፒዲኤፍ ኤ የሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት፤ ፎንቱን በውስጡ ስለሚይዝ የዛሬ ሃያ ዓመትም ይከፈታል። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ አንዱ ሌላ ሰፈር ይቀመጥ። ስቴፕሉን በጥፍር ሳይሆን በማንሻ አውጡ፤ የዛገው ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። ሰነዶቹን አስቀምጦ በኢንተርኔት የሚያስነብበው ሶፍትዌርም ችግር አይደለም፤ ዲስፔስ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በነጻ አለ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመመረቂያ ጽሑፎችን በእሱ ነው የሚያስቀምጠው።

ራስ ምታቱ የት ነው? ካታሎጉ ላይ ነው። ደብሊን ኮር የሚባል የመግለጫ መስፈርት አለ፤ አሥራ አምስት ሳጥን ነው፤ ርዕስ፣ አዘጋጅ፣ ቀን፣ ጉዳይ እያለ ይሄዳል። ቀላል ይመስላል። እስቲ «አዘጋጅ» የሚለውን እንሙላ። ሶፍትዌሩ «የቤተሰብ ስም» ይላችኋል። እኛ የቤተሰብ ስም አለን? የለንም! እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ እንጂ አባቴን አይደለሁም። አንዱ ልጅ በአባት ስም ይመዘግበዋል፣ ሌላው በራሱ ስም፣ አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ደንባችን፦ ስም እንዳለ፣ ከነአባቱ፣ ሳይገለበጥ።

«ቀን» የሚለው ደግሞ አለላችሁ። ወረቀቱ 1964 ይላል። ልጁ ዝም ብሎ 1964 ብሎ ይሞላዋል፣ ማሽኑ በፈረንጅ ያነበዋል፣ ጥናቱ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። በጀት ዓመቱ ደግሞ በሐምሌ ይጀምራል። ስለዚህ ሁለት ሳጥን፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን እንዳለ፣ የተቀየረው ደግሞ ለብቻው።

ፍለጋውስ? «ስራ ትንተና» ብላችሁ ብትፈልጉ «ሥራ ትንተና» አይመጣም። ለእኛ አንድ ነው፣ ለማሽኑ እሳቱ ሰና ንጉሡ ሠ ሁለት ፍጥረት ናቸው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። እንግዲህ ሰነዱን በጻፈው ሰው ፊደል አስቀምጡት፣ አታርሙት፤ ከበስተጀርባ ግን ማሽኑ አንድ አድርጎ እንዲፈልግ አድርጉት። ኮምፒውተር የምታውቁት ልጆች ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው አላችሁኝ። ይዣችኋለሁ።

ከፊደሉም በላይ የቃሉ ነገር አለ። የዛሬ ተማሪ «የሰው ሀብት» ብሎ ይፈልጋል። የ1960ዎቹ ወረቀት ግን «ፐርሶኔል» ነው የሚለው። በኋላ «የሠራተኛ አስተዳደር» ሆነ፣ «የሰው ኃይል» ሆነ። ዘበኛ «ጥበቃ» ሆነ። ያው ሰውዬ፣ ያው ካፖርት! ለዚህ መድኃኒቱ ቁጥር ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት ያወጣው ዓለም አቀፍ የሙያ ምደባ አለ፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1958፣ አሁን የምንጠቀምበት የ2008ቱ ነው፤ እስከ ታች ሲወርድ 436 ምድብ አለው። የጥበቃ ሠራተኛ 5414 ነው። የፋይልና የማባዣ ሠራተኛ 4415፣ ተላላኪ 9621። በእያንዳንዱ ሰነድ ላይ ቁጥሩን ጣሉበት፤ ዘበኛ ብሎ የፈለገም ጥበቃ ብሎ የፈለገም አንድ ቦታ ይገናኛሉ።

አሁን ደግሞ የሚያሳዝነውን ልንገራችሁ። ከወረቀቱ ይልቅ የጠፋው የኮምፒውተሩ ነው። አዎ! የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደል ቁጥር ዝርዝር ውስጥ ማለት ነው፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ስንጽፍ ኖረናል። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ያንን ፋይል ስትከፍቱት የፈረንጅ ፊደልና የዶላር ምልክት ድብልቅልቅ ነው። የራሴን የ1990ዎቹ ጥናት ልጄ ስትከፍተው «እማዬ፣ ቫይረስ ነው» ብላ ልታጠፋው ነበር! ቫይረስ አይደለም፣ የሦስት ወር ሥራዬ ነው። መቀየሪያ ፕሮግራም አለ፣ ይቀየራል። ስለዚህ ቤታችሁ ያሉትን ፍሎፒና ሲዲ እንዳትጥሉ። የታይፕ ወረቀት ግን ተቃራኒው ነው፤ በዓይን ይነበባል፣ በማሽን ያስቸግራል። ቴሰራክት የሚባለው ፊደል አንባቢ ፕሮግራም አማርኛ ያውቃል፣ ነገር ግን በአማርኛ ታይፕ መኪና የፊደሉ ቅጥያ ለብቻው ስለሚመታ «ሙ»ን «መ» አድርጎ ያልፋል። እዚያ ላይ ሰው ቁጭ ብሎ ማረም አለበት። በሥራ ዘመናችን ታይፒስት የነበራችሁ እህቶቼ፣ የምለምናችሁ እናንተን ነው። ያንን ጽሑፍ ከእናንተ በላይ የሚያነብ የለም።

ሦስተኛው ነጥብ፣ አጭር ነው። ምኑ አይወጣም?

የሰው ስም አይወጣም። ያቺን ቅጽ የሞላው ሰው ለአለቃው ብሎ ነው የሞላው፣ ለዓለም ብሎ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ፤ ሕጉ ባይኖርም ነውር አለ። ስም፣ ፊርማ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የጤና ወረቀት፣ የዲሲፕሊን ጉዳይ በቅጂው ላይ ይሸፈናል፤ ዋናው ተቆልፎ ይቀመጣል። መዝገብ ቤት አንድ ሰው ብቻ ከሆነስ? ስሙን ሸፍናችሁ መሥሪያ ቤቱን ከተዋችሁት ማን እንደሆነ ጎረቤቱ ያውቀዋል። እንዲህ ሲሆን የመሥሪያ ቤቱም ስም ይሸፈን። አሁንም የሚሰጥ የቅጥር ፈተናም አይወጣም፤ ለምን እንደሆነ ለተማሪዎቹ አልነግርም። የሰው ድርሰት ከሆነ የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ አለ፤ ፈቃድ ጠይቁ። የመሥሪያ ቤት መዝገብ ከሆነ ደግሞ በ1991 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179 ይመለከተዋል፤ ማንም ተነስቶ ካርቶን ይዞ አይሄድም፣ መሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ይስጠን። እኔ ከመናኸሪያ ገዝቼ አመጣሁ ማለት እናንተም ከመዝገብ ቤት አንሱ ማለት አይደለም!

በሚመጣው ቅዳሜ በዚሁ ሰዓት እዚሁ ነን። ሁለት ስካነር በውሰት ተገኝቷል። ቤታችሁ ያለ የሥራ ጥናት፣ የሥልጠና ጽሑፍ፣ የመመረቂያ ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ ስካን አድርገን ወረቀታችሁን እንመልሳለን፣ አንወስድባችሁም። ጓንት የለንም፣ እጃችሁን ታጠቡ።

የመጀመሪያዋ ሰነድ ተመዝግባለች። ቁጥር 1፣ ያቺ የቆሎዋ። ስሙን ሸፍነነዋል። የሙያ ኮድ 4415 ሰጥተናታል። ትናንት ማታ «የሰነዱ ሁኔታ» የሚለውን ሳጥን የሞላው ከፊት የተቀመጠው ይህ ወጣት ነው፤ ምን ብሎ እንደጻፈ ላንብብላችሁ፦ «የዘይትና የጨው እድፍ፤ ቀኝ ጥግ ተቀዷል፤ ጥያቄ 9 አይነበብም።»

ጥያቄ 9 ምን እንደነበር የሚያስታውስ ካለ ቡናው ላይ ያግኘኝ። ስኒዎቹ ከኋላ ናቸው።